የእትዬ ጌጤ ምርቃት

ማሽኑ ያቃስታል፤ ቧንቧ ግን አይወጣም። እንደ ማር መውረድ የነበረበት ቅልጥ ፕላስቲክ አፉ ላይ ተወትፏል። ሙቀቱን ጨመርሁ፣ ቀነስሁ፣ ማሽኑን በእግሬ መታሁት። ምንም።

ሞላ መዶሻውን ይዞ ወርክሾፔ በር ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል። ጉና ተራራ ሥር ባለው መንደራቸው የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። ከምንጩ የሚወርደው ቧንቧቸው በየውርጩ ይሰነጠቃል፤ እኔ ደግሞ በሞኝ አፌ የማይሰነጠቅ እሠራለሁ ብዬዋለሁ። በረዶ ውስጥ የተነከረ ቁራጭ ሁለት ጊዜ ተመትቶ ካልተሰበረ መንደሩ ይቀበለኛል። ከተሰበረ ሴቶቹ ወንዝ መውረዳቸው ነው። ሞላን የሚመልሰው መኪና ደግሞ ሳይመሽ ይነሳል።

ምስጢሩ ናኖ የሚባለው፣ ቅንጣቱ በዓይን የማይታይ የሸክላ ዱቄት ነው። ለአንድ ኪሎ ፕላስቲክ አንድ ስኒ ልክ ሲገባበት ፕላስቲኩ ይጠነክራል። ሲበዛ ግን ቅልጡ ይወፍርና አልፈስ ይላል፤ ቢወጣም እንደ ገል ይሰበራል።

ዱቄቱን የሰፈሩልኝ እትዬ ጌጤ ናቸው፤ ሊያግዙኝ ከዚያው መንደር የመጡ፣ ዕድሜ ልካቸውን ገበያ ላይ እህል የሸጡ ሴት። ስንት እንዳደረጉ ጠየቅኋቸው። ለሁለት ኪሎ ሁለት ስኒ አሉኝ። እስቲ ያሳዩኝ ብዬ ስኒውን ሰጠኋቸው። በተረፈው ዱቄት ቆልለው ሞሉት፤ ከዚያ ዘግነው ከላዩ ጨመሩበት።

«ይህችስ ምንድን ናት?»

«ምርቃት ናታ። ልክ ብቻ ሰፍሬ ለማን ሰጥቼ አውቃለሁ?»

መጮህ አማረኝ። የበዛውን መልሶ ማውጣት አይቻልም። አንድ ኪሎ ፕላስቲክ ቢጨመር ይቀጥን ነበር፤ የእኔ ግን አልቋል፣ የገበያው ጄሪካን ደግሞ ከምን እንደተሠራ አይታወቅም። ይህንኑ ነገርኋቸው።

ወጡ። ወደ ቤታቸው ሊወስዱት የሞሉትን ውሃ ደፍተው ቢጫ ጄሪካናቸውን ይዘው ተመለሱ። የድሮ ነው፣ ወፍራም፣ ጥሩ ፕላስቲክ።

«ቤትዎ ሌላ አለ?» አልኋቸው።

«የለኝም። ቁረጪው ሶፊያ።»

ቆራረጥሁት። ከቀድሞው ጋር ሲቀልጥ ማሽኑ ማቃሰቱን ተወ፤ ቧንቧውም ቢጫ መስመር ይዞ ወጣ።

ሞላ ቁራጩን ከበረዶው ባልዲ አውጥቶ ድንጋይ ላይ አጋደመው። አንዴ መታው፤ ደገመው። ቧንቧው ጎድጎድ ብሎ ተመለሰ። ትንፋሼን ለቀቅሁ። ሞላም መዶሻውን ሊያስቀምጥ ጎንበስ አለ።

እትዬ ጌጤ ባዶ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ሸጉጠዋል።

«አንተ ሞላ፣» አሉት፣ «ለምርቃት አንድ ጨምርበት።»

ዓይኔን ጨፈንሁ። መዶሻው ነጥሮ ሲመለስ ሰማሁ።