የመሻገሪያ ድንጋይ

በ1970 ዓ.ም. ግንቦት ውስጥ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሃምሳ አለቃ በላይነህ የልጁን ምሳ በጨርቅ በተቋጠረ ሳህን ይዞ እስር ቤቱ በር ላይ ደረሰ። ልጁ ዓምደ ሚካኤል በጥር ከታሰረ ጀምሮ ስንቅ የምታመላልሰው እናቱ የማርያምወርቅ ነበረች። በዐቢይ ጾም መካከል ግን ቡልጋ ያለው አጎቴ ሞተ ብላ ሦስት ቀን ተቀምጣ አለቀሰች፤ ከዚያ ወዲህ ሰውነቷ እያለቀ ሄደ። በላይነህ አላስችል ሲለው፣ "ከዛሬ ጀምሮ እኔ አደርሳለሁ" አላት።

አጥብቃ ከለከለችው።

"አንተ የኮሪያ ዘማች ነህ። ኮሚኒስት የተዋጋ ነው ብለው አንተንም ያስቀሩብኛል።"

ሳህኑን ከእጇ ነጥቆ ወጣ።

የበሩ ጠባቂ በዕድሜ ከዓምደ ሚካኤል የሚበልጥ አይደለም። የእስረኛውን ስም ጠየቀና መዝገቡን ሳይገልጥ ሽማግሌውን ትክ ብሎ አየው።

"አባት፣ አልሰሙም እንዴ? የእሱን ስንቅ አንቀበልም። ከእንግዲህ አያምጡ።"

የዚህን ቃል ትርጉም በዚያ ዘመን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ሬሳ አይጠየቅም። ልቅሶ አይቀመጡም።

በላይነህ ወደ ቤቱ መመለስ አቃተው። እግሩ ዝም ብሎ ወደ እንጦጦ ዳገት ወሰደው። ባሕር ዛፉ መሐል አረፍ ብለው ላገኛቸው ጸበልተኞች ምሳውን ሰጣቸው፤ ባዶውን ሳህን ታቅፎ ወረደ።

የማርያምወርቅ ደጃፍ ላይ ቆማ ትጠብቀው ነበር።

"ተቀበሉህ?"

"ተቀበሉኝ። ደህና ነው ብለውኛል።"

ፊቱን እያየች ብዙ ቆየች። ኋላ "ተመስገን" ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ያን ዕለት በልቡ ማለ። ያላት አንድ ልጅ ነው፤ ከሰማች አትተርፍም። እሱ በሕይወት እስካለ ድረስ አትሰማም።

ከዚያ በኋላ እሷ በየማለዳው ትሠራለች፣ እሱ ተቀብሎ ይወጣል። የምትሠራው አልጫ ነው። ዓምደ ሚካኤል ሚጥሚጣ ካልተነሰነሰበት የማይጎርስ ልጅ ነበር፤ ጨጓራውን የሚያመው አባትየው ነው። አንድ ቀን፣ "ኧረ ቃሪያ እንኳ ጣል አድርጊበት" ቢላት፣ "በርበሬው ተወዶ!" አለችው። አልተከራከራትም። ተራራው ላይ ከጸበልተኞቹ ጋር ተቀምጦ ከዚያው ይቀምስ ጀመር።

ድንጋይ መደርደር የጀመረውም እዚያው ነው።

ከሃያ አምስት ዓመት በፊት ኮሪያ ላይ ቆስሎ፣ እንዲያገግም ወደ ጃፓን ልከውት ነበር። የቁስለኞቹ አስተርጓሚ የነበረው ሰውዬ የቡድሃ እምነት ተከታይ ነው። አንድ ቀን የእምነቱ ሰዎች ወደሚሳለሙት ተራራ ወሰደው። ነጭ የለበሱ፣ በትር የያዙ ተሳላሚዎች ዳገቱን ሞልተውታል። ልክ እንደኛ ኢየሩሳሌም ተሳላሚ። ቡድሃ ከሥሩ ተቀምጦ ብርሃን አገኘ የሚሉት ዛፍ ሕንድ አገር እንዳለ፣ የራሱ አባትም እዚያ ደርሶ ለመሳለም ሲመኝ ሲመኝ እንደ ሞተ ሰውዬው አወራለት። ከተራራው ሥር ካለ ውሃ ዳር ሴቶች ጎንበስ ብለው ድንጋይ በድንጋይ ላይ ይከምራሉ።

"ምን እያደረጉ ነው?" ሲል ጠየቀ።

"ከወላጆቹ ቀድሞ የሞተ ልጅ ወንዙን ብቻውን መሻገር አይችልም" አለው ሰውዬው። "እናቶቹ እያገዙት ነው።"

በላይነህ ያኔ ወጣት ነበር። የአረመኔ ወግ ብሎ በልቡ ሳቀ። አሁን፣ ፍትሐት ለማስደረግ እንኳ ስሙን ለመጥራት ለሚፈራለት ልጁ፣ በየቀኑ አንድ ድንጋይ ይጨምራል። ለጸበልተኞቹ "ስለት ነው" ይላቸዋል።

ነሐሴ ሲያልቅ ወሬ ተነሣ። ለአብዮት በዓል እስረኛ ይፈታል ተባለ። ጎረቤታቸው ጂቱ እልልታዋን እያቀለጠች ገባች።

"እትዬ የማርያምወርቅ፣ እንኳን ደስ ያለዎት! ዓምዴ ለእንቁጣጣሽ ቤቱ ነው!"

"አሜን፣ አፍሽ ይባረክ" አለች የማርያምወርቅ።

ጂቱ በዚያ አላበቃችም። የልጁን ፍራሽ ራሷ ጎትታ አወጣችና ፀሐይ ላይ አሰጣችው። በላይነህ ከአጥሩ ጥግ ቆሞ አየ። በዓሉ ሲያልፍ ፍራሹ ባዶውን ሊቀር ነው። ያን ቀን ምን ሊላት ነው? እንቅልፍ ሳይወስደው ነጋ።

"ዛሬ አብረሽኝ ነይ" አላት።

የት ነው ብላ አልጠየቀችም። ለአጎቷ የለበሰችውን ከል ገና አላወለቀችም፤ ጥቁር ነጠላዋን ጣል አድርጋ ተከተለችው። ዳገቱን እያረፉ ወጡ። ከክምሩ ፊት ሲደርሱ እጇን ያዘ። ያን ሁሉ ወር ያጠናው ንግግር ጠፋበት።

"የማርያም፣ የዋሸሁሽ ነገር አለ።"



ስለ ጃፓኑ ተራራ ነገራት። ስለ ሴቶቹ ነገራት፤ ስለ ወንዙም። በመጨረሻ እስር ቤቱ በር ላይ የተባለውን እንደ ወረደ ነገራት።

"ገና የመጀመሪያው ቀን ነው የነገሩኝ። በግንቦት። ልጃችን የለም።"

እሪ ትላለች ብሎ አፏን ሊይዝ እጁን አዘጋጀ፤ ያኔ እሪታም ያሳስር ነበር። እሷ ግን አልጮኸችም። ጎንበስ ብላ አንድ ድንጋይ አነሣች፣ አፈሩን በነጠላዋ ጠረገች፣ ከክምሩ አናት ላይ እንዳይወድቅ አድርጋ አስቀመጠችው።

"እኔ መጋቢት ላይ ነው የነገሩኝ" አለችው።