ከወለሉ ሥር

የፓንክ ሮክ ባንዳችን የሚለማመደው ፎቅ ላይ ነው። እኔ ቤዝ ጊታር እመታለሁ፤ እህቴ ትጮኻለች፣ እሷ መዝፈን ነው ትላለች፤ ቁንጫ የምንለው ጓደኛችን ከበሮውንም አሮጌ በርሜሉንም ይደበድባል። ድምፃችን ሲያይል ከወለሉ ሥር ሦስት ጊዜ ይንኳኳል። ከዚያ ዝም ካልን አይደግምም።

"ታች ያሉት እማማ ናቸው፤ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያቸውን እየመቱ ነው" ተባባልን። መጀመሪያ ተናደድን፤ በኋላ ግን ዘፈን አወጣንለት። መሃል ላይ ሁላችንም ቀጥ እንላለን፣ ሦስቱ ምት ይመጣል፣ እንቀጥላለን። በዚያ ዘፈን ቀን ወጣልን፤ ትልቅ አዳራሽ ተጠራን።

የዝግጅቱ ዕለት ጠዋት እማማን ልጋብዛቸው ወረድኩ።

"የምን መጥረጊያ፣ ልጄ? ክንዴን ከትከሻዬ በላይ ካነሳሁ ዓመት አልፎኛል። የምታንኳኩት እናንተ መስላችሁኝ ስረግማችሁ ነው የከረምኩት።"

ለቁንጫ ስነግረው ሳቀ። "የአዳራሹ መድረክ እኮ አፈር ላይ የተሞላ ኮንክሪት ነው። ከሥሩ ማን ይኖራል? ሦስቱን ምት እኔው እመታለሁ።"

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። እማማ ፊት ወንበር ላይ እጆቻቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ያን ዘፈን ጀምረን እዚያች ቦታ ስንደርስ ቀጥ አልን። ቁንጫ ዱላውን አነሳ፤ ገና ሳያወርደው ከእግራችን ሥር ሦስት ጊዜ ተንኳኳ።

ሕዝቡ አዳራሹን በፉጨት አቀለጠው። ቁንጫ ዱላውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። እኔ ጊታሬን አጠፋሁ። እህቴም ማይኩን ዘጋች።

አራተኛው ተንኳኳ። አምስተኛው። ሕዝቡ በጭብጨባ ያጅበው ጀመር።