ግማሽ ድምፅ

ጊታር ተጫዋቹ ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። ጣቶቹ ጠዋት ጠዋት እንደ ደረቀ እንጨት ግትር ይላሉ፤ የጊታሩን ክር ጫን ሲል ደግሞ እስከ ክርኑ ያመዋል። አንድ ቀን በሩን ዘጋና ስድስቱንም ክሮች ግማሽ ድምፅ ዝቅ እንዲሉ አላላቸው። ጣቶቹ ወዲያው የሃያ ዓመት ጎረምሳ ሆኑ። ጊታሩ ዝቅ ብሎ መቃኘቱን፣ ብቻውን የሚጫወትን ሰው ማን ያውቅበታል?

ሴት ልጁን በዳረ ቀን ግን ጉድ ፈላ። የድሮ የባንድ ጓደኞቹ፣ ዘፋኙ ተካልኝና ኦርጋን ተጫዋቹ ምናሴ፣ ሳይታሰብ ድንኳኑ ውስጥ መድረክ ላይ ወጡ።

"የሙሽራዋ አባት፣ ጊታርህን ይዘህ ና እንጂ" አለ ተካልኝ በማይክሮፎን።

ክሩን መልሶ ለማጥበቅ ጊዜ አልነበረም፤ ሚዜዎቹ እየገፉ አወጡት። ጊታሩና ኦርጋኑ ሠርጉ መሀል እንደ ድመትና ውሻ ሊጣሉ ነው ብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ክሩን መታው።

ገጠመ። ልክ እንደ ድሮው ገጠመ። እናቶች እልል አሉ፤ ሙሽራው እስክስታውን አስነካው፤ የአባትየው ጣቶች ክሩ ላይ በረሩ።

ግራ ገብቶት ወደ ምናሴ ጠጋ አለ። የኦርጋኑ ትንሽ ስክሪን እሱም ግማሽ ድምፅ ዝቅ መደረጉን ታሳያለች።

"ድምፁ ከላይ አይደርስለትም" ሲል ምናሴ አንሾካሾከለት፣ በአገጩ ዘፋኙን እያሳየ። "እሱ አያውቅም።"

ተካልኝ የመጨረሻዋን ከፍተኛ ድምፅ ይዞ አበቃና ላቡን እየጠረገ ወደ ሕዝቡ ዞረ።

"ሠላሳ ዓመት ሙሉ" አለ፣ "አንዲት ድምፅ እንኳ አላወረድኩም።"