ዓመተ ምህረት የሌላት ሳንቲም

ዓመተ ምህረቷ ሳይቀረጽባት በስህተት የወጣች አንዲት የአሜሪካ ሳንቲም አለች የሚለው ወሬ፣ አንድ የኦሃዮ ጡረተኛን ሃያ ዓመት ሙሉ መከራውን አብልቶታል። በየሳምንቱ ከባንክ ጥቅል ሳንቲም እያመጣ በአጉሊ መነጽር ይመረምራል፤ ያየውን ዳግመኛ እንዳይለፋበት ጠርዙ ላይ ቀይ ቀለም ነካ አድርጎ ለባንኩ ይመልሳል። ሚስቱ "የሌለ ነገር ስታሳድድ ዕድሜህን ጨረስክ" ባለችው ቁጥር፣ እጁ ቀለም መቀባቱን ሳያቆም ቀና ብሎ ይቆጣታል።

ትናንት ብርቅዬ ሳንቲም የሚገዛና የሚሸጥ አንድ ነጋዴ "ተገኘች፣ ናና እያት" ብሎ ደወለለት። እየከነፈ ሄደ። እውነትም ዓመተ ምህረት የላትም።

"አንዲት አስተናጋጅ ናት ከጉርሻዋ መሃል ያገኘቻት" አለ ነጋዴው። "ግን የትኛው ደንቆሮ እንደሆነ እንጃ፣ ጠርዟ ላይ ቀይ ቀለም ነካ አድርጎባታል።"

ሰውየው የቀሉ ጣቶቹን ቀስ ብሎ ኪሱ ውስጥ ከተታቸው።