ክብርት አድሚን

ኢክላስ እዚህ ቴፒ የሰፈሯ ቴሌግራም ግሩፕ አድሚን ከሆነች ወዲህ ሹመቱ አናቷ ላይ ወጥቷል። ነገሩ ያላማራትን ሁሉ «ዝም በል!» ብላ እንዳይጽፍ ታግደዋለች። ዛሬ ጠዋት «አምባገነን!» ያላትን ባለሱቁን አሕመዲንንና በነገሩ የሳቀውን ታናሽ ወንድሟን ሀይደርን አገደች።

ከሰዓት ሳሙና ልትገዛ ስትሄድ አሕመዲን የቡና ጆንያ ላይ ተደፍቷል። ቀና አደረገችው። ከአፉ ደም ጎረፈ፤ ምላሱ ከሥሩ ተቆርጧል።

ወደ ቤት እየሮጠች የሀይደርን እገዳ አነሳች።

«ሀይደርዬ! አለህ?» አለች ከበሩ።

«አለሁ፣ ክብርት አድሚን! ፈራሽ እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

እፎይ ብላ ገባች። ሀይደር አልጋው ላይ ተቀምጦ ደም የሚያፈሰውን አፉን በሁለት እጁ አፍኗል። ሳቁ ግን አልቆመም፤ ከስልኳ ውስጥ ነው የሚመጣው።