የማቋረጫው መብራት

ከተማው ድሮ የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስበው በሳጥን ነበር። የሳጥኑ ቁልፍ ከጠፋ ቆይቷል፤ የፈለገውም ሰው የለም። ዘንድሮ ግን ነገሩ በስልክ ሆነ። ነዋሪው ሐሳቡን በማዘጋጃ ቤቱ ገጽ ላይ ይጽፋል፣ ሌላው አንብቦ ይመርጣል፤ ብዙ ድምፅ ያገኘው አንድ ሐሳብ ብቻ ይሠራል።

ጡረታ የወጣው የእግር ኳስ ዳኛ የሰፈሩን ሐሳብ በአንድ ጣቱ ፊደል እየለቀመ ጻፈ። ዋናው አስፋልት ላይ የእግረኛ ማቋረጫ መብራት ይተከል፣ አለ። ምክንያቱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሚስቱን እዚያ መኪና ገጭቷታል። የእግር ሕክምናዋ ያለው ከአስፋልቱ ማዶ ነው፤ እሷ ግን ዳሩ ስትደርስ መኪናውን ፈርታ ትመለሳለች። መኪና ውስጥ መግባትማ አይታሰብም። ሐኪሟ ሕክምናውን ካልቀጠለች እግሯ እንደማይድን ቁርጡን ነግሯታል።

ዳኛው ቤት ለቤት ዞረ።

«ያለቀ ነገር ነው ጋሼ» አለው ጸጉር አስተካካዩ። «እነሱ የፈለጉትን ያወጣሉ፣ እኛ ስልክ ስንጫን እንውላለን።»

«ግድ የለህም፣ ለእኔ ብለህ ምረጥ።»

ፊሽካ በያዘበት ዘመን ሁለቱም ቡድን የሰደበው ሰው ነው። ስለዚህ ሰፈሩ እሱን አመነና መረጠ።

ሴት ልጁ የማዘጋጃ ቤቱ ኮምፒውተር ክፍል ሠራተኛ ናት። «አባዬ፣ ስልኩን አምጣው እኔ ልምረጥልህ» አለችው።

«ሳላነብ?» መነጽሩን ጠራርጎ የሁሉንም ሰፈር ሐሳብ እየጮኸ ማንበብ ያዘ። ገበያተኞቹ ሽንት ቤት ይፈልጋሉ። መናኸሪያው ጣሪያ ይፈልጋል። ወንዝ ማዶ ያሉት ድልድይ ይፈልጋሉ፤ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት የሚሄዱት በግንድ ላይ እየተሻገሩ ነው። እዚህ ላይ ልጅቷ ሰልችቷት ሻይ ልትጥድ ተነሳች። ከዚያ በኋላ ድምፁ አልተሰማም።

«መረጥክ?» አለችው ሚስቱ ከአልጋዋ ላይ።

«መረጥኩ» አለና ስልኩን ገልብጦ አስቀመጠው።

የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ትውልዱ ወንዝ ማዶ ነው። ምርጫው በተዘጋ ቀን ከምሳ በኋላ ቆጠራውን ብቻዬን እጨርሳለሁ ብሎ ሠራተኞቹን አስወጥቶ በሩን ከውስጥ ቆለፈ። ሲወጣ ላብ አጥምቆት ነበር። ልጅቷ ኮሪደሩ ላይ ቆማ አየችው።

ውጤቱ ወጣ። ድልድዩ መብራቱን በአንድ ድምፅ በለጠው።

ሰፈሩ አልጮኸም። «ድሮስ!» አለ ጸጉር አስተካካዩ ምላጩን ሳያነሳ፤ የሚላጨውም ሰውዬ አገጩን እንዳቀና «ድሮስ!» አለ። መናደድም አቅም ይፈልጋል። የዳኛው ሚስት ዜናውን ስትሰማ ብርድ ልብሷን እስከ ደረቷ ሳበች። ምንም አልተሰማትም፤ ምንም አለመሰማቱ ራሱ ትንሽ አስፈራት።

ልጅቷ ግን አልተኛችላቸውም። ድምፆቹን አንድ በአንድ መረመረች። ማን ምን እንደመረጠ ገጹ አያሳይም፤ ማን እንደመረጠ ብቻ ነው የሚያሳየው። ሁለት ጊዜ የመረጠ የለም፣ የተሰረዘም የለም። ይህ ይባስ አሳረራት። ሰውዬው ዱካውን ሳይቀር ጠርጎታል ማለት ነው።

እሑድ ጎረቤቶቹ ዳኛው ቤት ተሰበሰቡ። ወንበር ስላልበቃ ጸጉር አስተካካዩ በሩ ላይ ቆመ።

«ነገ ማዘጋጃ ቤት እንሄዳለን ጋሼ። ከፊት እርስዎ ይሁኑልን። እርስዎን የሚገፋ የለም።»

«ኃላፊው ነው አባዬ» አለች ልጅቷ። «በሩን ሲቆልፍ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ።»

ዳኛው ትራስ ላይ የተዘረጋውን የሚስቱን እግር እያየ ነበር። ያዘነ መሰላቸው፤ በእርግጥም አዝኗል።

«ተነስ እንጂ» አለችው ሚስቱ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ድምፅዋ ውስጥ የሆነ ነገር ነበር። «ሌላ ምንም አልፈልግም። ያቺን አንዲት ድምፅ ማን እንደወሰደብኝ ብቻ ጠይቅልኝ።»

«ለወንዝ ማዶ የሰጠኋት እኔ ነኝ» አላት።