አተሩን የበላው

የአጸደ ጎረቤት ጥሩሰው "አተርሽን የጨረሱት እርግቦች ናቸው" ይላል። ባሏ ኪሩቤል ደግሞ "የራሱ የጥሩሰው ፍየሎች ናቸው" ባይ ነበር። አጸደ ያመነችው ጥሩሰውን ነው፤ ከኦሮራ ከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው እርሻዋ ጠመንጃውን ይዞ ተኩስ ሊያስተምራት መጥቷልና።

"ከክንፏ ቀደም አድርገሽ አነጣጥሪ" አላት። በአራተኛው ጥይት አንዲት እርግብ ወደቀች። "ጎሽ! ደምሽን መለስሽ!" ብሎ አጨበጨበላት። አጸደ ግን አተሯን በዓይኗ ማየት ፈለገች። ከወፏ ጉሮሮ ሥር ያለውን የእህል ከረጢት በቢላ ቀደደችው፤ ውስጡ የአረም ፍሬ ብቻ ነበር። ቀና ስትል የአጥሩ ሽቦ ላይ የፍየል ጸጉር ተይዞ አየች።

"አንዲት እርግብ ምን ምስክር ትሆናለች?" ብሎ ጥሩሰው ሳቀና ጠመንጃውን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ።

አጸደ ጠመንጃውን አጎረሰች። "እሱ እኔ ጋ ይቆያል። ከዛሬ ጀምሮ አጥሬን የዘለለ ፍየል የፋሲካዬ ሙክት ነው" አለችው።